ንስሐ የገባው የይለፍ ቃል

ምስጢር ጠባቂ ሰው ጠፋ እያለ የማያማርር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ለወንድሙ የነገረው ነገር ገበያ ላይ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ለባልንጀራው ያዋየው ነገር ቀንድና ጅራት አብቅሎ በጎረቤት በኩል ይመለስለታል። እኔም ከአማራሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። እንዲያውም በማለዳ ጸሎቴ ላይ፣ ከዕለት እንጀራው ቀጥሎ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ምስጢር ጠባቂ ሰው አታሳጣኝ» የምትል ልመና ነበረችኝ። የለመኑትን የማይነሳ አምላክ፣ ስሙ ይመስገንና፣ እዚሁ ጎንደር ላይ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ልመናዋን ትቻታለሁ። ምነው ቢሉ፣ ሰው የለመነውን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ስላየሁት ነው።

ደሴ እባላለሁ፤ ሥራዬ ከበሮ መሥራት ነው። የዘፈን ከበሮ አይደለም፤ የማኅሌት። ዋንዛውን ከአይከል በኩል አስመጣለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እቦረቡራለሁ፣ ቆዳውን እወጥራለሁ፣ በጠፍር እጠፍራለሁ። አባቴም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ይህንኑ ሲሠራ አረፈ። ትምህርቴን ከጠየቃችሁኝ፣ ዳዊት ደግሜያለሁ። ዜማ ልጀምር ስል አባቴን እጁን አመመውና መጥረቢያው እኔ እጅ ገባ፤ ከገባም ወዲያ አልወጣም። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከማኪና ሰሌዳና ከሱቅ ማስታወቂያ ለቃቅሜ ነው የያዝሁት። ሁሉንም በቅርብ ባላውቃቸውም፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላምታ የምንነፋፈግ አይደለንም።

እንዲህ ያለውን ሰው ከኢሜይል ጋር ምን አገናኘው ልትሉኝ ነው። እኔም ብዬዋለሁ።

ባለፈው ጥምቀት ከባሕር ማዶ የመጣ ዲያቆን ዮናስ የሚባል ሰው ሥራዬን አየና ስልክ ቁጥሬን ወሰደ። እዚያ ያሉ ያገራችን ሰዎች አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፤ እሱ የኮሚቴያቸው ጸሐፊ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደወለልኝ። ለመጪው ጥምቀት ከበሮ ከአንተ እንድንገዛ ኮሚቴውን አሳምኛለሁ አለኝ። ነገር ግን እንቅፋት አለ። ከዚህ ቀደም አንድ ሰው ማንም በሚከፍተው ተራ ኢሜይል ሲጻጻፋቸው ከርሞ፣ ጥላና ጽናጽል እልካለሁ ብሎ፣ የበላውን በልቶ ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ተማምሏል፤ በራሱ ስም አድራሻ ከሌለው ሰው ጋር ውል የለም። «የራስህ ዶሜይን፣ ማለት የኢንተርኔት አድራሻ፣ ይኑርህ፤ ኢሜይልህም በእሱ ይሁን» አለኝ።

አድራሻዬማ የታወቀ ነው አልሁት፤ ከሾላው ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ በር፣ የከበሮ ሠሪው ቤት ቢባል የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር መርቶ ያደርሳል። ሳቀና፣ «አያ ደሴ፣ ውሻው እኛ ዘንድ ድረስ አይመጣልንም» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እተወው ነበር። ነገር ግን አባቴ ከማረፉ በፊት ከጣራ ሥር ያስቀመጠው አንድ የዋንዛ ግንድ አለ። «ይህ ለታላቅ ደብር ነው፤ ለተራ ገዢ እንዳትነካው» ብሎኛል። ስንት ገዢ መጥቶ ሄደ፣ ግንዱ እንደ ተኛ ነው። ባሕር ከሚያሻግር የበለጠ ታላቅ ደብር ከየት ይመጣል? ደግሞም እኔ ብቀር ሥራው ወደ ማን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ገበያ ዳር የነዳጅ በርሜል እየቆረጠ፣ ቀለም እየቀባ፣ ከበሮ ነው እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጾም ላይ ነን። እሱ ደግሞ ዶሜይን ካወጣ ሰነባብቷል አሉ። በርሜሉ ባሕር ተሻግሮ ካህናቱ መሐል ቆሞ ሲያስተጋባ፣ የአባቴ ግንድ እዚህ አቧራ ሲጠጣ ታየኝ።

የእህቴ ልጅ ሰናይት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች። ነገሩን አዋየኋት። «አጎቴ፣ ቀላል ነው» አለች። የተማረ ሰው ቀላል ነው ሲል ወንበር ይዞ መቀመጥ ነው፤ ይረዝማል።

መጀመሪያ ስሙን መያዝ አለብን አለችኝ። ስሜንማ እናቴ ይዛልኛለች አልኋት። እንደዚያ አይደለም፤ በዓለም ላይ አንድ ስም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የቀደመ ወሰደው፤ በየዓመቱም ይገበርበታል፤ ካልገበሩ ሌላ ይይዘዋል አለች። ይህን ስሰማ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ርስት ነው እንግዲህ። ስለ ርስት ለጎንደር ሰው ማስረዳት፣ ለዓሣ ስለ ውኃ ማስረዳት ነው።

ስሙ ተያዘ። ቀጥሎ፣ ቦታ ብቻውን ቤት አይሆንም አለችና ደብዳቤው የሚያርፍበት ቤት ከአንድ ኩባንያ ተከራየችልኝ። ከዚያ ደግሞ ቦታውና ቤቱ አይተዋወቁም ኖሯል። «የደሴ ደብዳቤ በዚህ በር ይግባ» ብሎ ለዓለም ሁሉ የሚያውጅ መስመር መጻፍ አለበት። ጻፈችው። አሁንስ አልቋል? አላለቀም። ዓለም እስኪሰማ መጠበቅ አለብን፤ አንዳንዴ ውሎ ያድራል አለችኝ። እኔ ይህን ነገር እስካሁን ይገርመኛል። አዘዞ ላይ ሰው ቢያርፍ ወለቃ ያለ ዘመዱ ከድንኳኑ ቀድሞ ይደርሳል። በሰማይ የሚበር መስመር ዘርግተው ከጎንደር ለቅሶ ነጋሪ ያነሰ ፍጥነት ካለው፣ ምኑን ሠለጠኑ?

ዓለም ሰማ። ስሜ ተጻፈ፤ ከስሜ ቀጥሎ ያች ጅራቷን ጠቅልላ የተኛች ምልክት፤ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ እንደገና ስሜ ከነሥራዬ። ሳየው፣ አልዋሽም፣ ደረቴ ሰፋ። አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? «ምነው ስምህን ሁለት ጊዜ?» ይል ነበር።

አሁን የይለፍ ቃል ምረጥ አለችኝ ሰናይት፤ መግቢያው ቁልፍ ማለት ነው። እሷም እንዳታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ ምነው ብላት፣ ሥርዓቱ ነው አለች። ለማንም አይነገርም፣ ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ ለሚስትም ቢሆን። ይህን ብላ ስልኳ ጠራና ከክፍሉ ወጣች።

እኔና መሣሪያው ቀረን። በጣቴ አንድ በአንድ እየለቀምሁ የራሴን ስም ጻፍሁ። ቀይ አበራና «ደካማ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የበሬ ቆዳ በክንዴ ስወጥር የኖርሁትን ሰው! እሺ ብዬ የሚስቴን የጥሩወርቅን ስም ሰጠሁት። እሷንም ደካማ አላት። ይህ መሣሪያ ጥሩወርቅን ተቆጥታ አላያትም። ዋንዛ አልሁት፤ አጭር ነው አለ። ያን ጊዜ መላእክቱንና ሰማዕታቱን ካልጠራሁ አይሆንም ብዬ የታቦታችንን ስም፣ ጊዮርጊስን ጻፍሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መካከለኛ»። አማተብሁ። ዘንዶ የገደለ ሰማዕት መካከለኛ ከሆነ እኛ ምን ልንባል ነው?

በመጨረሻ ተበሳጭቼ፣ ሳላስበው፣ ከአንጀቴ የወጣውን ነገር ጻፍሁለት። ቁጥር ጨምር አለ፤ ጨመርሁ። ምልክት አድርግ አለ፤ አደረግሁ። አረንጓዴ በራ። «ጠንካራ» አለኝ። ተመስገን! ወዲያው ደግሞ፣ ቁልፉ ቢጠፋብህ መክፈቻ የምልክበት ሌላ ኢሜይል ስጠኝ የሚል ጥያቄ ወጣ። ሌላ? አንድ ኢሜይል ለመውለድ ይህን ያህል ያማጠ ሰው ሌላ ከየት ያመጣል? ያችኑ አዲሲቱን፣ ያቺኑ የምኮራባትን ጻፍሁለት። ተቀበለኝ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ማለት ይህ ነው፤ ያን ዕለት ግን ያጠብሁት መጽሐፍ መሆኑን አላወቅሁም።

ሰናይት ስትመለስ ለሙከራ ለራሷ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። «ሰላም ለኪ» ብዬ ላክሁ። ስትፈልግ ስትፈልግ የት አገኘችው? ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ። ከአዲሱ ርስቴ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ሰላምታ ሆኖ ሳለ ቆሻሻ ተብሎ ተጥሏል። እንግዳ ሰው ስለሆንህ ነው፤ ላኪው በእውነት አንተ መሆንህን የሚመሰክር መስመር እንጨምራለን አለችኝ። ጨመረች። ምስክር ሲቆምልኝ ደብዳቤዬ እንደ ሰው በፊት በር ገባ። እዚህ ላይ ፈረንጁን አላማሁትም፤ ያለ ምስክር የሚገባ ሰው እኛም አገር አይታመንም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የይለፍ ቃሉ ሆዴ ውስጥ እንደ ዋጥሁት ድንጋይ ከበደኝ። አይጻፍም፣ አይነገርም። ብረሳውስ? ለአንድ ሰው ብነግረው ያ ሰው ለሌላው ይነግራል። በዚህ ዓለም ላይ ለአንድ ሰው ተነግሮ ከዚያ ሰው የማይወጣ ነገር ምን አለ ብዬ አሰብሁ። ጽድቅ ይሁን ኩነኔ እንጃ፣ መልሱ ቶሎ መጣልኝ። የንስሐ ቃል አለ!

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ ቄስ ታረቀኝ ሄድሁ። አባታችን ሸምገል ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀሉን ይዘው አዳመጡኝ፤ እኔም የተለመደውን ኃጢአቴን በየተራ አቀረብሁ። ከሁሉ በኋላ፣ አንድ አደራ ቀርቶኛል አልኋቸውና የይለፍ ቃሉን ከነቁጥሩ ከነምልክቱ በጆሯቸው ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ ይህ ምን ዓይነት ኃጢአት ነው?» አሉ።

«ኃጢአት አይደለም አባቴ፣ ቁልፍ ነው።»

«የማን ቤት ቁልፍ?»

«የራሴ።»

አዩኝና፣ በንስሐ ውስጥ ከነገርኸኝ ለማንም አይነገርም፤ ይህን ታውቃለህ አይደል አሉኝ። እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁ አልሁ። «ለማንም?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። «ለማንም» አሉ። እጃቸውን ሳምሁ። በዚያው ሁሉንም አንድ ላይ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉልኝ፤ ኃጢአቴንም የይለፍ ቃሌንም። ንስሐ የገባ የይለፍ ቃል በዓለም ላይ ካለ፣ የመጀመሪያው የእኔ ሳይሆን አይቀርም። እንዴት ያለ ሸጋ እንቅልፍ ተኛሁ!

ከሸጋ እንቅልፍ በኋላ የሚመጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጥቅምት እንዳለቀ ዲያቆን ዮናስ ደወለ። ውሉን በኢሜይልህ ልከንልሃል፤ መስማማትህን በዚያው አድራሻ እስከ ኅዳር ጽዮን ዋዜማ መልስልን፤ ካለፈ ኮሚቴው ወደ ሌላው ሠሪ ይሄዳል አለኝ። ሌላው ሠሪ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የበርሜሉ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

ሰናይት ዘንድ በረርሁ። የእኔ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ትምህርት የለውም፤ በእሷ ኮምፒውተር ነው የምገባው። ከፈተችልኝና እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች። መሣሪያው ቁልፉን ጠየቀኝ። ጣቴን አነሣሁ። ጣቴ እንደ ተነሣ ቀረ።

እዚህ ላይ የሰውን ልጅ አእምሮ ልወቅስ ነው። የተጣሉብኝን ቃላት በሙሉ አስታውሳለሁ! ስሜ ደካማ፣ ጥሩወርቅ ደካማ፣ ዋንዛ አጭር፣ ጊዮርጊስ መካከለኛ፤ በተራ በተራቸው ልቆጥራቸው እችላለሁ። የተቀበለኝ አንዱ ብቻ ነው የጠፋኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኛል፤ የሰደበንን እስከ ዘር ማንዘሩ እናስታውሳለን፤ በር የከፈተልንን ስሙን አንጠይቅም። እየገመትሁ ብሞክር መሣሪያው ተቆጣና ለዚያ ቀን ዘጋብኝ።

ሰናይት አትደንግጥ፣ ለሌላው ኢሜይልህ መክፈቻ ቁጥር እናስልካለን አለች። ተጫነችው። ቁጥሩ ተላከ ተባለ።

«ሌላው ኢሜይልህ የቱ ነው አጎቴ?»

«ይኸው ነው።»

«የቱ?»

«ይኸው የተዘጋው።»

ልጅቱ ግንባሯን በእጇ ያዘች። ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ሳጥኑን የቆለፍሁ ሰው ኖሬያለሁ። ለቤት አከራዩ ኩባንያ መታወቂያ ተልኮ ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን አጣርተው እስኪመልሱ ጽዮን መጥታ ትሄዳለች አለችኝ። ከዚያ፣ እንደ መጨረሻ ተስፋ፣ ለአንድ ሰው እንኳ አልነገርህም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፊቴ በራ። ነግሬያለሁ እንጂ፤ በዚህ ከተማ እንደ እሱ የሚታመን ለሌለ ሰው! እሷም ተነፈሰች። «እንኳን ነገርህ፤ በል ሂድና ጠይቀው» አለችኝ።

ቄስ ታረቀኝ ከተማ የሉም። ለመኸር ወደ ወገኖቻቸው፣ ወደ ወገራው አምባ ጊዮርጊስ ወጥተዋል። ይመለሳሉ እያልሁ ስጠብቅ ቀኑ አለቀ፤ ዋዜማው በማግሥቱ ሆነ። ሚኒባስ ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። ወለቃን ስናልፍ ከመንገዱ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩት የሸክላ አንበሶች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያዩኝ መሰለኝ። ረዳቱ ሰው ላይ ሰው ሲደርብ፣ ጉልበቴ ላይ የማላውቃቸው ሴትዮ ዶሮ አስቀመጡ። ዶሮዋም ታየኛለች። ጥፋት ያለበት ሰው እንዲህ ነው፤ ሁሉም የሚያውቅበት ይመስለዋል።

የወገራ ብርድ ሰውን ወንድሙን ያስክዳል። ቄስ ታረቀኝን ከአውድማ ዳር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። በሬዎቹ ገብስ ያበራያሉ፤ አያ መኳንንት የሚባሉ የአጎታቸው ልጅ መንሽ ይዘው ገለባውን ያነሣሉ። መስቀል ተሳለምሁና ነገሬን ጀመርሁ።

«አባቴ፣ ያን ጊዜ የነገርሁዎትን ቁልፍ ይመልሱልኝ።»

«በንስሐ የነገርኸኝን?» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«በንስሐ የተነገረ አይመለስም።»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ። አልሳቁም። የራሴ ነው እኮ አልሁ። የአንተ ነበር፤ ከተናዘዝኸው በኋላ ግን የእግዚአብሔር ነው አሉ። እኔ እኮ ሌላ ሰው አይደለሁም፣ የነገርሁዎት ራሴ ነኝ አልሁ። ሥርዓቱ ለማንም አይነገርም ይላል እንጂ ከባለቤቱ በቀር አይልም አሉ። «አንተም ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኛል፤ ለማንም አይነገርም ብዬሃለሁ፤ እጄን ስመህ ነው የሄድኸው።»

ዳዊት የደገመ ሰው ከቄስ ጋር ሲከራከር መጨረሻው ይታወቃል፤ ግን የአባቴ ግንድ ከፊቴ አለ፤ ተከራከርሁ። አንድ ሰው በሬ ሰርቄያለሁ ብሎ ተናዝዞ፣ ሊመልስ ሲል የማን በሬ እንደሆነ ቢጠፋውስ አልሁ። እንዲያስታውስ እጸልይለታለሁ አሉ። በዚህ መሐል አያ መኳንንት መንሻቸውን ተክለው ጣልቃ ገቡ፤ ለካ ሲያዳምጡ ኖረዋል።

«እኛ ኃጢአታችንን እንዳናስታውስ እንለምናለን፤ አንተ የከተማ ሰው ደግሞ ረሳሁ ብለህ ታለቅሳለህ» አሉኝ። «ምነው ትንሽ ለእኛ ብታበድረን፣ ይህን መርሳት።»

በሬዎቹ ሳይቀሩ የሳቁ መሰለኝ። ነገሩ ኃጢአት አይደለም፣ የኮምፒውተር ቁልፍ ነው ብል ሰውየው ጭራሽ ባሰባቸው፤ ኮምፒውተር ከመቼ ወዲህ ንስሐ ይገባል እያሉ ለበሬዎቹ ነገሯቸው።

ቄስ ታረቀኝ ግን ፊቴን አይተው፣ ቁጣ በዝቶብሃል አሉኝ፤ ቀኖና ልስጥህ። «ዛሬ ቤትህ ስትገባ ቆመህ እግዚኦ በል፤ አርባ አንድ ጊዜ። ቁጠረው። ከዚያ እግዚአብሔር ያውቃል።» መስቀላቸውን አሳልመው ፀሐያቸውን መሞቅ ቀጠሉ።

ሰው ቁልፍ ሊለምን ሄዶ ቀኖና ይዞ ይመለሳል? መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ቁልቁል ወረድሁ። ቤት ስገባ ጥሩወርቅ ነገሩን ሰምታ ነበር። ሰናይት ደውላ ነግራታለች። ሚስቴ እንደሌላው ሰው አታጽናናም፤ እውነቱን ነው የምትናገር።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ምነው ለእኔ ብትነግረኝ? ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ ይህን ጊዜ አዘዞ ያለው ሁሉ ያውቀው ነበር። የፈለግኸውን ሰው መንገድ ላይ አስቁመህ ብትጠይቅ ይመልስልህ ነበር። ምስጢር የሚጠፋ ለአንድ ሰው ሲነገር ነው።»

ከጓዳው ገብቼ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ። ከጣራው ሥር የአባቴ ግንድ ይታየኛል። ተናድጄም ቢሆን ቀኖና ቀኖና ነው። እግዚኦ አልሁ፣ አንድ። እግዚኦ፣ ሁለት። በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርሁ ቀጠልሁ። መጀመሪያ ላይ የምለው ለበርሜሉ ሰውዬ ነበር፤ እግዚኦ ባልሁ ቁጥር እሱን ነበር የማየው። መሐል ላይ ደከመኝና እሱን ተውሁት። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግንዱንም ረሳሁት፤ ልቤ ረጋ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ ብዬ ልጨርስ ስል፣ አፌ ጮክ ብሎ የመጨረሻዋን ቆጠረ። «እግዚኦ፣ አርባ አንድ!»

ቆምሁ። እጄ አንጓው ላይ እንዳለ ቀረ።

ያን ዕለት፣ መሣሪያው ጊዮርጊስን መካከለኛ ሲለው፣ ከአንጀቴ የወጣው ምን ነበር? እግዚኦ ነዋ! በፈረንጅ ፊደል፣ ፊተኛዋን ትልቅ አድርጌ ጻፍሁት። ቁጥር ጨምር ሲለኝ፣ እግዚኦ ካለ ክርስቲያን አፍ ሌላ ምን ቁጥር ይወጣል? አርባ አንድ። ምልክት ሲለኝ ያችን እንደ መቋሚያ ቀጥ ብላ የቆመችውን አጋኖ አደረግሁለት። ልጆቼ፣ በየቀኑ በአፌ ላይ እያለች ነው የጠፋችኝ። አሁን ተቀይራለችና ብነግራችሁ ግድ የለም።

ጫማዬን አንዱን ከኋላ እየረገጥሁ ሰናይት ቤት ደረስሁ። መብራት አልጠፋም ነበር፤ ይህንም ከተአምሩ ቁጠሩልኝ። ጻፍሁት፤ በሩ ተከፈተ። ውስጡ ምን ጠበቀኝ መሰላችሁ? ደጅ ቆመን ስንለምነው የሰነበትነው መክፈቻ ቁጥር ሁሉ፣ በላክነው ልክ፣ በረድፍ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ከእነሱ ሥር የዮናስ ውል አለ። ሰናይት አንብባ አስረዳችኝ፤ እኔ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ተስማምቻለሁ» አልሁ፤ እሷ ጻፈች፤ ተላከ። በማግሥቱ ዮናስ ደውሎ፣ ኮሚቴው መልስህን ሲያይ ደስ አለው፤ አድራሻህ የሚታመን ነው ተባለ አለኝ። እኔም እንዴታ፣ እኔንም አላስገባ ብሎኝ ነበር አልሁት።

የአባቴን ግንድ በዚያው ሳምንት አወረድሁት። ድምፁን ለመሞከር በጣቴ ኳኳሁት፤ ሳይቦረቦር እንኳ ያስተጋባል።

ቄስ ታረቀኝ ከወገራ ሲመለሱ ጧፍና ዕጣን ይዤ ሄድሁ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው እያልሁ ነው የሄድሁት። የንስሐውን ቃል ሳያፈርሱ፣ አንዲት ቃል ሳያወጡ፣ ቁልፌን በቀኖና አድርገው ሰጡኝ! የድሮ ሰው እንዲህ ነው። ከጽዱ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ አባቴ፣ ጥበብዎ ገብቶኛል አልሁ።

«የምን ጥበብ?» አሉ።

«አርባ አንዱ እግዚኦ።»

«እሱንማ ለሁሉም ነው የምሰጥ» አሉ። «ለሚቆጣ ሰው ሌላ ምን ይሰጣል?»

እንዳላፍር ደብቀውልኝ መሰለኝና፣ ቁልፉን እኮ አስታውሰው ነው ብዬ ጎትጎት አደረግኋቸው። ፈገግ አሉ። ልጄ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ያን ዕለትም አላወቅሁትም፤ አንዳች ነገር በጆሮዬ እንደነገርኸኝ ብቻ ትዝ ይለኛል አሉ። ክው አልሁ። ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ረስቼዋለሁ አላሉኝም? በዚያ ብርድ፣ በሰው ፊት፣ አያ መኳንንት እስኪሳለቁብኝ ምነው አከራከሩኝ?

«ብረሳውም ባልረሳውም መልሱ አንድ ነው» አሉኝ። «ረስቼዋለሁ ብልህ፣ ባልረሳው እነግርህ ነበር ማለት ይሆንብኛል።» ጧፉን ተቀብለው ጋቢያቸው ሥር እያስገቡ ጨመሩ። «በንስሐ የሰማሁት ሁሉ ከልቤ እንዲጠፋልኝ ማታ ማታ እለምናለሁ። ቸሩ አምላክ እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም።»

እንግዲህ አስቡት። እኔ ማለዳ ማለዳ ምስጢር ጠባቂ ሰው ስጠኝ ብዬ ስለምን፣ እሳቸው ማታ ማታ አስረሳኝ ብለው ይለምናሉ። የሁለታችንም ልመና ተሰማ። በጎንደር ከተማ ስንት የሚያስታውስ ሰው እያለ፣ አደራዬን ወስጄ ለመርሳት ስእለት ለገባው ለአንዱ አስቀመጥሁ።

ሰናይት የይለፍ ቃሉን አስቀይራኛለች። እንደ ሥርዓቱ ፊቷን አዙራ፣ ለማንም እንዳትነግር፣ አደራ፣ አደራ ብላኛለች። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የተማርሁት አለኝ። አዲሱን ለጥሩወርቅ ነገርኋት። ትናንት ከገበያ ስመለስ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ «አያ ደሴ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ምልክት ግን ለምን አስፈለገች?» አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን አይጠፋም።